«እኔ የለሁም፣ ቀጥዪ»

በዚህች ዓለም ላይ «እኔ የለሁም ብለሽ ቀጥዪ» እንደሚል ሰው፣ በቦታው ሞልቶ ተርፎ የሚገኝ ፍጡር የለም። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ገና መንጃ ፈቃድ ካወጣ የእህቱ ልጅ አጠገብ ቁጭ ብሎ «አንተ ንዳ፣ እኔ ተሳፋሪ ነኝ» ካለ በኋላ፣ መንገዱን ሙሉ ባዶ ወለል ላይ ፍሬን ሲረግጥ የሚውለው አጎት እሱ ነው። ምራቷ ምግብ ስትሠራ «ውኃ ልጠጣ ነው የገባሁት» ብላ ገብታ፣ ውኃውን ሳትጠጣ እሳቱን ቀንሳ የምትወጣው አማትም እሷ ናት።

የእነዚህ ሁሉ የበላይ፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ግን ክብርት እትዬ የለሁም ናቸው። እትዬ የለሁም የሦስተኛ ክፍል መምህርት ናቸው፤ ጸጉራቸው የነጣው በዕድሜ ይሁን በጠመኔ ብናኝ እሳቸውም በውል አያውቁትም። ስሙን ያወጡላቸው ባልደረቦቻቸው ናቸው። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጁ በየዓመቱ አንድ ተለማማጅ ይልክላቸዋል። እሳቸውም ጠመኔያቸውን እንደ ሥልጣን በትር አስረክበው፣ ከክፍሉ መጨረሻ ትራስ የተነጠፈባት ወንበራቸው ላይ ይመቻቹና ያቺን ቃል ይናገራሉ።

«በይ እንግዲህ፣ እኔ የለሁም፤ ቀጥዪ።»

የዘንድሮዋ ተለማማጅ ከመምህርትነቷ ይልቅ ተማሪነቷ የሚታመን፣ ከሲታ ልጅ ናት። ሦስተኛ ክፍሎች ገና ሲያዩዋት «ትንሿ ቲቸር» አሏት፤ ስሙም ተጣብቆባት ቀረ። የትምህርት ዕቅዷን የምታዘጋጀው ጦር ሜዳ እንደሚዘምት ሰው ነው። በኅዳጉ ላይ «እዚህ ጋ ፈገግ በይ» ብላ ትጽፋለች። ክፍል ስትደርስ ግን ፈገግታው የሚመጣላት «እዚህ ጋ ተቆጪ» የሚለው ላይ ስትደርስ ነው። ጠዋት ጠዋት ቁርስ አልወርድ ይላታል፣ የትምህርት ቤቱን በር ስታይ እርምጃዋ ይቀንሳል።

ልጆቹን ፈርታ አይደለም። ልጆቹማ ልጆች ናቸው። የምትፈራው የሌሉትን ሴትዮ ነው።

የሌሉት ሴትዮ ይስላሉ። ሳላቸው የጉሮሮ ነገር አይደለም፤ ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው። አጭሯ «እህ» በመስኮቱ በኩል ወሬ ተጀምሯል ማለት ነው። ድርቧ «እህ፣ እህ» ደወል ሊደወል ነውና ነገርሽን ሰብስቢ ማለት ነው። ረዥሟና ከሆድ የምትወጣዋ «እህህህም» ግን የክፉዎች ክፉ ናት፤ ሰሌዳው ላይ ስሕተት ጽፈሻል ማለት ነች። ልጆቹ ይህን ቋንቋ ከፊደል አስቀድመው የለመዱት ይመስላሉ።

ትንሿ ቲቸር «ሰባት ሲባዛ በስምንት ስንት ነው?» ብላ ስትጠይቅ፣ እጅ ከመውጣቱ በፊት የክፍሉ አንገት በሙሉ ወደኋላ ይዞራል። እትዬ የለሁም ቅንድባቸውን ካነሱ እጅ ይወጣል፤ ካላነሱ ክፍሉ ጭጭ ነው። ምስኪኗ ተለማማጅ ፊቷን ወደ ልጆቹ አዙራ የምታስተምረው ማጅራት ነው ማለት ይቻላል። ስሕተት ጽፋ ከሆነም ረዥሟ ሳል ትመጣለች፤ ትንሿ ቲቸር ደንግጣ ዳስተሯን ታነሳለች፤ ከዚያ ከኋላ «አይ፣ ቀጥዪ፣ ቀጥዪ፣ እኔ የለሁም» የሚል የትሕትና ድምፅ ይሰማል።

ነገሩ እየባሰ ሄደ። አንድ ቀን ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ ከኋላዋ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ በረዥሙ ሳሉ። ትንሿ ቲቸር ክው ብላ ቀና አለችና ምን እንዳጠፋች ማሰብ ጀመረች። ለካስ ትክክለኛውን ፌርማታ አልፋ ኖሯል። እንዲህ ያለው መገጣጠም ደግሞ ሰውን ጨርሶ ያሳምናል።

የምትኖረው ከአክስቷ ጋር ነው። አክስቷ የክርና የልብስ ቁልፍ ሱቅ ያላቸው ደግ ሴት ናቸው፤ ደግነታቸው ግን ልብ የሚያወልቅ ነው።

«አይዞሽ የኔ ልጅ» ይሏታል ፊቷን አይተው፣ «ባይሆንልሽም ምንም አይደል። ሱቄ ውስጥ ወንበርሽ አለ።»

ለማጽናናት ነበር። እሷ ግን ያቺ ወንበር፣ ከክር ጥቅልሎቹ ኋላ፣ ጨለማው ጥግ ላይ አፏን ከፍታ ስትጠብቃት ይታያታል። ከልጅነቷ ጀምሮ አሻንጉሊቶቿን ደርድራ ስታስተምር ያደገች ልጅ ናት። መምህርት ካልሆነች ሌላ ምን እንደምትሆን ለአንድም ቀን አስባ አታውቅም።

የመጨረሻውን መዓት ያመጡት ርዕሰ መምህሩ ናቸው። በዕረፍት ሰዓት ጠሯትና፣ ማስተማሯን የሚመዝኑት ገምጋሚ በሚቀጥለው ሳምንት ከኮሌጁ እንደሚመጡ ነገሯት። ካላለፈች ዓመቱን እንደገና ትጀምራለች። «አንድ ደንብ አለ» አሏት፤ «ገምጋሚው ባሉበት የክፍሉ መምህርት መግባት አይችሉም። ብቻሽን ነሽ።»

ሮጣ ለእትዬ የለሁም ነገረቻቸው።

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» አሉ እትዬ የለሁም፣ ዓይናቸውን እንኳ ሳያርገበግቡ። «እኔ እኮ ድሮም የለሁም።»

ትንሿ ቲቸር ልትስቅ ፈለገች፣ ግን ያለቀሰች ያህል ሆነባት። «እትዬ፣ ልጆቹ እኮ የሚያዩት እርስዎን ነው። እርስዎ ከሌሉ ማንም አይሰማኝም።»

እትዬ የለሁም ከባድ መሥዋዕትነት እንደሚቀበል ሰው ደረታቸውን ነፉ። «በቃ፤ ከዛሬ ጀምሮ አልስልም።»

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ በዓይን ያየ ሰው አይረሳውም። በመስኮቱ በኩል የምትቀመጠው፣ ሁሉም «ሬዲዮ» የሚላት ልጅ ወሬዋን ጀመረች። እትዬ የለሁም በሻርፓቸው አፋቸውን ያዙ። ወሬው ቀጠለ። ግንባራቸው ላይ ደም ሥር ተገተረ። ትንሿ ቲቸር ደግሞ በፍርሃት ብዛት ሰሌዳው ላይ ስምንትን ከዘጠኝ አስበልጣ ጻፈች። እትዬ የለሁም ፊታቸው ቀልቶ፣ ወንበራቸው ላይ ሁለቴ ተነስተው ተቀመጡና፣ ያፈኑት ሳል በመጨረሻ በማስነጠስ መልክ ወጣ፤ ማስነጠሱም በግልጽ «ዘ-ጠኝ!» የሚል ነበር። ክፍሉ በሙሉ «ዘጠኝ ይበልጣል!» አለ። ሙከራው እዚያ ላይ አበቃ።

ቀኑ ደረሰ። ገምጋሚው መነጽር ያደረጉ፣ ሲራመዱ ድምፅ የማያሰሙ ረዥም ሰው ናቸው። ክፍሉን ቃኙና ነጻ የነበረችውን ብቸኛ ወንበር መረጡ። ሌላ የት ይቀመጡ? የእትዬ የለሁም ወንበር ላይ፣ የእትዬ የለሁም ትራስ ላይ ተቀመጡ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። በእነሱ ሕግ የዚያች ወንበር ባለቤት፣ ማንም ይሁን ማን፣ ሥልጣን አለው።

ትምህርቱ ስለ ክፍልፋይ ነበር። ትንሿ ቲቸር ዝግ ባለ ድምፅ ግማሽና ሩብ ምን እንደሆኑ አስረዳች፤ ለየልጁም አንዳንድ ቁራጭ ወረቀት አደለች። የክፍሉ አለቃ፣ እንግዳ በመጣ ቀን ጉብዝናው የሚብስበት፣ ሳይታዘዝ ዳስተሯን ይዞ ሄዶ ከኋላ ግድግዳ ላይ አራገፋት። ብናኙ በገምጋሚው ዙሪያ እንደ ጉም ተነሳ።

እሷ ይህን አላየችም። ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ «ግማሽ ከሩብ ይበልጣል» ብላ እየጻፈች ነበር። ነጥቡን ከማድረጓ ከኋላ መጣ።

«እህህህም!»

ረዥሟ። ከሆድ የምትወጣዋ።

ምን ሳትኩ? ግማሽ፣ ሩብ፣ ሁለት፣ አራት… ቁጥሮቹ በጭንቅላቷ ውስጥ ተምታቱ። እጇ ከሐሳቧ ቀድሞ ዳስተር ፈለገ፣ ዳስተር የለም፤ ልክ የነበረውን መልስ በመዳፏ ሙልጭ አድርጋ አጠፋችው። ወደኋላ ስትዞር ገምጋሚው ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ የጠመኔ ብናኝ ከመነጽራቸው ላይ እየጠረጉ ነበር። ያኔ ገባት። ሰውየው ዝም ብለው ነው የሳሉት። ሰዎች አንዳንዴ ዝም ብለው ይስላሉ።

አክስቷ ሱቅ ውስጥ ያለችው ወንበር ከፊቷ ድቅን አለች።

«ቲቸር፣ ልክ ነበር እኮ!» አለች ሬዲዮ ከመስኮቱ በኩል። እጅ ማውጣት ብሎ ነገር አታውቅም።

«አልነበረም! አራት ከሁለት ይበልጣል!» አለ አለቃው።

«ሩብ ነው የሚበልጠው! ሰውየው እኮ ሳሉ!» አለ ሌላው፣ ማስረጃውን እየጠቆመ። የክፍሉ አንገት በሙሉ ወደኋላ ዞረ፤ ገምጋሚው ቅንድባቸው እንዲነሳ እየተጠበቀ መሆኑን ስላላወቁ ፍጥጥ ብለው ቀሩ።

ትንሿ ቲቸር ዕቅዷን አየች። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ምን እንደሚደረግ አልተጻፈም። በጣም ፈርታ ነበር፤ ግን ከፍርሃቱ ሥር አንድ ነገር ብልጭ አለባት፣ እልህ ይሁን ንዴት እሷም አልለየችውም።

«ወደኋላ አትዩ!» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ወጣ። «እኔንም አትዩኝ። እሳቸው ስለሳሉም፣ እኔ ስላጠፋሁም አይደለም የሚበልጠው። ወረቀታችሁን ያዙ። እኩል አድርጋችሁ እጠፉ። አንዱን ወገን ቀለም ቀቡ። ምን ሆነ?»

«ግማሽ!»

«አሁን እንደገና እጠፉት። ዘርጉት። የአንዷን ቁራጭ ዙሪያ አስምሩ። የትኛው ይበልጣል? ለእኔ ሳይሆን ለጎናችሁ ልጅ አሳዩት።»

ክፍሉ ገበያ ሆነ። ወረቀት እየታጠፈ እየተዘረጋ ልጆቹ ይሟገታሉ። አለቃው ወረቀቱን ደጋግሞ አጥፎ፣ ደጋግሞ ዘርግቶ፣ ለሬዲዮ እየከበደውም ቢሆን «እሺ፣ ግማሽ» አላት። በዚህ መሃል ከመስኮቱ ውጭ፣ ከግድግዳው ሥር፣ አንድ ሳል ተሰማ። አጭሯም፣ ድርቧም፣ ረዥሟም አልነበረችም። የታፈነች፣ እርጥብ ያለች ነገር ነበረች። አንድም ልጅ አልዞረም። ሥራ ላይ ነበሩ። የሰማቻት ትንሿ ቲቸር ብቻ ናት።

ደወል ሲደወል ገምጋሚው ኮታቸውን እያራገፉ ወደ እሷ መጡ። «ልክ የነበረውን መልስ ለምን አጠፋሽው?»

ልትዋሽ አልቻለችም። «እርስዎ ስለሳሉ።»

ገምጋሚው መነጽራቸውን እንደገና ጠረጉ። «ከዚያ በኋላ ያደረግሽው ጥሩ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አልፈሻል። ግን ሁለተኛ በሰው ሳል ሰሌዳ እንዳታጠፊ።»

ወደ ውጭ ስትወጣ እትዬ የለሁም በግቢው ውስጥ ቀስ ብለው ይራመዱ ነበር፣ ልክ ከሩቅ እንደመጣ ሰው። ዓይናቸው ቀልቷል። ከትከሻቸው እስከ ወገባቸው ኖራ በኖራ ሆነዋል፤ ያ ዓይነት ኖራ ደግሞ ያለው መስኮቱ ሥር ያለው ግድግዳ ላይ ብቻ ነው።

«እትዬ፣ እዚህ ነበሩ እንዴ?»

«ማን? እኔ?» አሉ ተቆጥተው። «እኔ አልነበርኩም። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ነበርኩ።»

በማግስቱ ጠዋት ትንሿ ቲቸር ክፍል ስትገባ እትዬ የለሁም ትራሳቸውን በብብታቸው ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ከወንበራቸው ርቀው ሲታዩ አነስ ያሉ ሴትዮ ናቸው።

«እንግዲህ በቅተሻል» አሉ። «እኔ ምን እሠራለሁ? ማረፊያ ክፍል ሄጄ ሻይ እጠጣለሁ።»

ይህን ቃል ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ስትመኘው ነበር። አሁን ሲነገራት ግን ደስ አላላትም። ባዶዋን ወንበር አየች። እኚህ ሴትዮ በቀትር ፀሐይ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ለእሷ ሲፈሩላት እንደነበር አሰበች። ለእሷ እንዲያ የፈራ ሰው አልነበረም።

ትራሱን ከብብታቸው ወስዳ ወንበራቸው ላይ አነጠፈችው።

«ይቀመጡ እትዬ» አለቻቸው። «እርስዎ እኮ የሉም።»

እትዬ የለሁም ሻርፓቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ትንሿ ቲቸር ጠመኔዋን አንስታ የዕለቱን ሒሳብ መጻፍ ጀመረች። ገና ከመስመሩ አጋማሽ ሳትደርስ፣ ከኋላ፣ ከሆድ፣ በሙሉ ክብሯ መጣች።

«እህህህም!»

ትንሿ ቲቸር እጇን አቆመች። የጻፈችውን ከመጀመሪያው ጀምራ አነበበችው። ልክ ነበር። ቀጠለች።