ጢም ያለው ጉዲፈቻ

ቡድን መሥራት የማያውቅ ሰው የለም። እኔ ሰበታ ላይ ጨውና ላምባ የምሸጥ ሰው ስለሆንኩ ይህን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ሱቄ ደጃፍ የቆመ ሰው ሁሉ ላምባውን እስክቀዳለት ድረስ አንድ ተከላካይ ያባርራል፣ አንድ በረኛ ይቀይራል፣ ሊቀመንበሩንም ያወርዳል። ታዲያ በእነሱ ፋንታ ማንን እናምጣ ብላችሁ ጠይቁት እስቲ! ጠርሙሱን ይዞ ውልቅ ይላል። ማባረሩ መች ጠፋን? የጠፋን ማምጣቱ ነው።

እኛ ሰበታዎች ይህ የገባን ቡድናችን በአንድ ክረምት የተበተነ ጊዜ ነው። ምን ክፉ ነገር ደረሰባቸው እንዳትሉ፤ ሁሉም በደህና ነው የሄዱት። ሁለቱ ተከላካዮች ፖሊስ ሊሆኑ ሰንዳፋ ገቡ። የመሃል ሜዳው ሰው ድቁና ተቀበለና በቁምጣ መታየት ነውር ሆነበት። በረኛችን አገባ፤ ሚስቱ ደግሞ እሑድ እሑድ ከቤት አታስወጣውም። ጎል ይጠብቅ የነበረው ሰው አሁን ቤት ይጠብቃል። መስከረም ጠብቶ ልምምድ ሲጀመር ሜዳው ላይ የተገኘነው እኔና ኳሷ ነበርን። እኔም ብሆን ተጫዋች አይደለሁም፣ የኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ።

ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር በየዓመቱ የምንፎካከርባት አንዲት ዋንጫ ነበረች። ዋንጫ ስላችሁ የብር እንዳትመስላችሁ፣ ቆርቆሮ ናት። ነገር ግን እሷን ያጣ ከተማ ዓመቱን ሙሉ ገበያ ላይ ቀና ብሎ አይሄድም። የውድድሩ ደንብ ደግሞ ጥብቅ ነው፤ ተጫዋቹ የከተማው ሰው መሆን አለበት። ወይ እዚያው ይወለድ፣ ወይ እዚያ ሥራ ይኑረው፣ ወይ ከከተማው ነዋሪ የአንዱ ልጅ ይሁን። ያለ ኮሚቴው ፈቃድም ወደ ሌላ ከተማ መዛወር አይችልም።

ሱሉልታዎች መወለዱን ይዘው ሙጭጭ አሉ። አሠልጣኛቸው ድርቆሽ ነጋዴ ነበሩ፣ እጅግ ዝምተኛ ሰው። የራሳቸውን ሣር አጫጆች ሰብስበው ክረምት ውሃ በሚተኛበት ሜዳቸው ላይ ሲያሯሩጧቸው ይውላሉ። በየዓመቱ ይሸነፋሉ፣ በየዓመቱም ሰውየው «ገና ናቸው፣ ቆዩ» ይላሉ። እስከ መቼ ነው የሚቆየው? እኛማ የሱሉልታ ነገር ሲነሳ ሆዳችንን ይዘን ነበር የምንስቀው።

ቡራዩዎች ሥራውን ያዙ። አዲስ አበባ ውስጥ እግሩ የተፍታታ ጎረምሳ ባዩ ቁጥር የባሕር ዛፍ ዘበኛ አድርገው ይቀጥሩታል። ከገፈርሳ ወዲህ ባለች የአንድ ባለርስት ጥሻ አሥራ አንድ ዘበኛ ነበር። ተጠባባቂ ዘበኞችም ነበሩ። እንዲያ የተጠበቀ ደን የለም ትሉ ይሆናል። ተሳስታችኋል፤ ዘበኞቹ ልምምድ ላይ እያሉ እንጨቱ ተቆርጦ አለቀ።

እኛ ለማሳደግ ትዕግሥቱ የለን፣ ለመቅጠር ደኑ የለን። የቀረችን ሦስተኛዋ መንገድ ናት፤ የከተማው ሰው ልጅ መሆን። ይህችን መንገድ ያየኋት እኔ ነኝ። ጥበብ እንዲህ ባልታሰበ ጭንቅላት ላይ ታርፋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦቦ ቶለሳ የሚባሉ ስንዴ አራሽ ከከተማው ጫፍ ይኖራሉ። የተከበሩ ሰው ናቸው፤ አራት ሴቶች ልጆች አሏቸው፣ ወንድ ግን የላቸውም። ቤቱን ይህን ያህል ያጠናኸው ለምንድን ነው ብትሉኝ፣ ሁለተኛዋን ልጃቸውን ጫልቱን ለማግባት ቆርጬ ስለነበር ነው። መኸሩ ሲያልቅ ሽማግሌ ልልክ አስቤያለሁ። ጫልቱም አልጠላችኝም። ቤታቸው አጠገብ ሌላ ሱቅ እያለ ላምባ የምትገዛው ከእኔ ነበር፤ ይህ ፍቅር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ጉለሌ አንድ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ግርማ የሚባል አጥቂ ነበር። እናትና አባቱ ሞተውበታል፣ ግራ እግሩ ግን የተባረከ ነው። አባት የሌለው አጥቂና ወንድ ልጅ የሌላቸው አባት! ማገናኘቱን ለእኔ ተዉት። አገሩ ጉዲፈቻ የሚባል ነገር አለው። በጉዲፈቻ የገባ ልጅ ስምም፣ ጎሳም፣ አጥንትም ያገኛል። አባትየው ከዚያ ወዲያ አሳደግኩት አይልም፣ ወለድኩት ነው የሚለው። እኔ ግን ያኔ የታየኝ ስሙ ከተጫዋቾቹ ጋር መጻፉ ብቻ ነበር።

የጎሳው ሽማግሌዎች ግርማን ሲያዩት ደነገጡ። ጉዲፈቻ ለሕፃን ነው፣ ይህ ጢም አለው አሉ። ኦቦ ቶለሳ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ ሲያዩት ቆይተው «ታዲያ ተላጭቶ ይምጣ» ብለው ነገሩን ቆረጡት። ለኳስ ብለው እንዳይመስላችሁ፣ ሰውየው ኳስ አይወዱም። የፈለጉት ልጅ ነው። ሽማግሌዎቹ መርቀው አናቱን ቅቤ ሲቀቡት ኦቦ ቶለሳ «ኢልማ ኮ»፣ ልጄ፣ አሉና አቀፉት። ያ ኩሩ የጋራዥ ጎረምሳ አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። እሱ አባት አገኘ፣ እኔ አጥቂ አገኘሁ።

የቀሩትን ከየመንደሩ ለቃቅመን በእሱ ዙሪያ ቡድን ሠራን። ከለገጣፎ ጋር ባደረግነው የወዳጅነት ግጥሚያ ግርማ ብቻውን አራት አገባ። እንደዚያን ሰሞን ሱቄ ደጃፍ ተመስግኜ አላውቅም። አንድ ደንበኛዬማ ሚኒስትርነት ያንስሃል ብሎኛል፤ በዱቤ ስኳር ሊወስድ ፈልጎ ነበር፣ ግን ከልቡ ይመስለኛል።

ጣጣው የመጣው ግርማን ሚስት ያማረው ጊዜ ነው። ወፍጮ ቤት ተራ ስትጠብቅ አንዲት ልጅ አየና ወደዳት። አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው «ኦቦሌቲ ኬ ናት እኮ፣ እህትህ ናት፣ ጎሳችሁ አንድ ነው» አሉት። ደንግጦ ተመለሰ። በሳምንቱ የጥጥ ነጋዴውን የእህት ልጅ አየ፤ እሷም እህቱ ሆነች። የኦቦ ቶለሳ ጎሳ እኮ ዋዛ አይደለም፣ የሰበታ እኩሌታ ነው። በሥጋ ያልተዛመደው በጎሳ ተዛምዶታል። ግርማ በንዴት ሱቄ ድረስ መጣና፣ ኳስ ተጫወት ብለህ አምጥተህ ያገሩን ሴት በሙሉ እህቴ አደረግሃት አለኝ። ሳቅሁ። ባልስቅ ይሻለኝ ነበር።

መኸሩ ገባ፣ ሽማግሌዎቼን ላክሁ። ኦቦ ቶለሳ በደስታ ተቀበሏቸው። ልጁን አውቀዋለሁ፣ ጨዋ ነው፣ እኔ ተቃውሞ የለኝም አሉ። ይህን ብለው ቢያቆሙ ምን ነበረበት? «ግን እኔ አርጅቻለሁ፤ ልጅቷ ወንድም አላት፣ እሱን ጠይቁት» ብለው ጨመሩ።

ይታያችሁ! ከሰበታ ልጃገረዶች ሁሉ ወንድም የሌላትን መርጬ፣ በገዛ እጄ ከጉለሌ ድረስ ሄጄ ወንድም አመጣሁላት።

ግርማ በርጩማ ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ ሽማግሌዎቼን መረመራቸው። ለመሆኑ ልጁ ምን ይሠራል አላቸው። ትናንት እኮ ከእኔ ስኳር ገዝቷል! መጠጥ ያበዛል ወይ ብሎም ጠየቀ። ለገጣፎን ያሸነፍን ዕለት ደግፎ ቤቴ ያደረሰኝ እሱ ራሱ ነው። ጥያቄውን ሲጨርስ እኔን ለብቻዬ አስጠራኝና ቁርጡን ነገረኝ። ቡራዩ አንዲት ልጅ አለች፤ በዚህኛው ዙር ስሟን ከመጠየቁ በፊት ጎሳዋን እስከ ሰባት ቤት አስቆጥሯል። ቡራዩዎችም የዘበኝነት ቦታ አዘጋጅተውለታል። አንተ እህትህን ስጠኝ አልከኝ፣ አንተም እኔን ልቀቀኝ አለ።

ከቡራዩ ጋር ዋናውን ግጥሚያ ልናደርግ ሳምንት ቀርቶናል። በዕጣ ሱሉልታ አልፋለች፤ የእኛና የቡራዩ አሸናፊ ለዋንጫ የሚገጥመው ከእሷ ጋር ነው። ከሱሉልታ ጋር ማለት ደግሞ ለእኛ ዋንጫውን መውሰድ ማለት ነበር።

በማግስቱ ጫልቱ ላምባ ልትገዛ መጣች። ጠርሙሷ እስከ አንገቱ ሙሉ ነው። ወሬውን ሰምታለች። «ከእኔና ከዋንጫው ማን እንደሚበልጥብህ ለማወቅ ስንት ቀን ይበቃሃል? ካላወቅህ ንገረኝና ልሂድ» አለችኝ። እወዳት ነበር። ዋንጫዋንም እወዳት ነበር፣ አልዋሽም። ግን ዋንጫ ሙሉ ጠርሙስ ይዛ ሱቄ መጥታ አታውቅም።

ኮሚቴው ፊት ቆሜ በሕይወቴ ረጅሙን ንግግር አደረግሁ። ግርማ የሰበታ ልጅ ነው ብለን ምለን ተገዝተናል፣ ታዲያ ልጅ ትዳር ሊይዝ ሲወጣ በር ይዘጋበታል ወይስ ይመረቃል አልኩ። አንጀት የሚበላ ንግግር ነበር። አባላቱ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ልጁን ለቀቁት። ሊቀመንበሩ ብቻ፣ አንተስ ከዚህ ምን ታገኛለህ አሉኝ። ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር ሳልኩ።

እሑድ ደረሰ። ግርማ በቡራዩ ማልያ ሁለት አገባብን። ኦቦ ቶለሳ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ መጥተው እኛ መሃል ቆመዋል። ኳሷ መረብ በነካች ቁጥር ከዘራቸውን አንስተው «ኢልማ ኮ! ልጄ ነው እኮ፣ አያችሁት?» ይላሉ። እኛ ተሸንፈን አንገታችንን ደፍተናል፣ ሰውየው በደስታ ያለቅሳሉ። ማን እሳቸውን ዝም በሉ ይበል? ሊቀመንበሩ እንኳ ልጅዎን ያሳድግልዎ አሏቸው።

ቡራዩም አልተጠቀመች። ለዋንጫው ስትገጥም ያ የምንስቅበት የሱሉልታ ቡድን ዘበኞቹን እንደ ሣር አጨዳቸው። ዝምተኛው ድርቆሽ ነጋዴ ዋንጫዋን ብብታቸው ሥር ከተው «ደረሱ» ብቻ አሉ።

እኔም ጫልቱን አገባሁ። ሰርጉ ላይ እጇን ይዞ ያስረከበኝ ግርማ ነው፤ ሲያስረክበኝም የተቀየረ ተጫዋች ከሜዳ እንደሚያስወጣ ሰው ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ።

ከዚያ በኋላ ኮሚቴያችን የሱሉልታን መንገድ ያዘ፤ ከራስ ቤት ማሳደግ። ጸሐፊው እኔ ስለሆንኩ ለሌላው አርአያ ልሁን ብዬ በርትቼ ሠራሁ። እስካሁን እኔና ጫልቱ አራት አፍርተናል፣ አራቱም ሴቶች ናቸው። ነገ ለእነሱ ሽማግሌ የሚልክ ጎረምሳ ደግሞ እኔ ያየሁትን ሳያይ እንዲሁ ዘው ብሎ እንዲወስዳቸው አልፈልግም። ስለዚህ እናትና አባት የሌለው፣ ግራ እግሩ የሚሠራ ልጅ የምታውቁ ካላችሁ ሱቄ አስፋልቱ ዳር ነው፣ ላኩልኝ። ጢም ካለው ተላጭቶ ይምጣ።