አባ እርስዎስ

ጤናህን የማይጠይቅህ ሰው የለም። ጠይቆ መልሱን ቆሞ የሚጠብቅ ግን በየአገሩ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ይበቃል። ገበያ ልትደርስ ስትጣደፍ ወይም ዝናቡ ሊይዝህ ሲል መንገድ ላይ ያገኝሃል። "እንደምን ሰነበትክ?" ይልሃል። "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ብለህ ልታልፍ ትላለህ። አታልፍም፤ እጅህን አለቀቀውም።

የእኛው፣ የሞላሌው፣ ክቡር ፕሮፌሰር ወልደ ጻድቅ ይባላሉ፤ የኅብረተሰብ ጤና መምህርና ተመራማሪ፣ ሊቀ ጠያቂያን ዘመንዝ ወግሼ ወመርሐቤቴ። የመጨረሻውን ማዕረግ የሰጠናቸው እኛ ጎረቤቶቻቸው ነን። እኔ እዚሁ ታሪክ አስተምራለሁ፤ አጥራችን አንድ ነው። አገሬው ግን ይህ ሁሉ ማዕረግ ረዘመበትና፣ የፈረስ ስም እንደሚወጣለት ጀግና "አባ እርስዎስ" አላቸው። "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ላላቸው ሰው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነውና፦ "እሱማ ይመስገን። እርስዎስ?"

ነገሩ የጀመረው ግሼ ነው። ገና ተመርቀው እንደወጡ፣ ከራቤል ማዶ ባሉ መንደሮች ስንቱ ሰው እንደሚያስለው አጥንተህ ና ተባሉ። ቤት ለቤት ዞሩ። "በዚህ ቤት የሚያስለው ሰው አለ?" "የለም፣ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።" "ሌላስ የታመመ?" "ምን እንሆናለን፣ ይመስገን።" መንደሩ በሙሉ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ የተባረከ አገር አይቼ አላውቅም ብለው ሻንጣቸውን ዘጉ። ለአለቆቻቸውም "ወደዚያ መድኃኒት መላክ ትርፉ ድካም ነው" ብለው ሊጽፉ አስበው ነበር።

ጃንጥላቸውን ግን የመጨረሻው ቤት ረሱት። ሊወስዱ ተመልሰው በሩ ጋ ሲደርሱ፣ የቤቱ እመቤት እማማ ዘነበች ከውስጥ ሲጠይቁ ሰሟቸው።

"እንግዳው ሄደ?"

"ሄደ።"

"ተመስገን። እንግዲህ ልሳል።"

ሳሉም። ፕሮፌሰር ሲያወሩት "ጣሪያው እስኪነሣ" ይላሉ። ሴትዮዋ ለካ ጥያቄው አልቆ እንግዳው እስኪወጣ ድረስ ሳላቸውን ውጠው ነው የቆዩት። እንግዳ ፊት ማሳል እንዴት ይሆናል?

ሌላ ሰው ቢሆን ጃንጥላውን ይዞ ይሄድ ነበር። እሳቸው ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

"እማማ፣ እንደምን አሉ?"

"ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"እሱማ ይመስገን። እርስዎስ?"

"አለን እንግዲህ፣ ምን ይደረግ።"

"መኖሩንስ አሉ። ግን እርስዎ እንዴት ነዎት?"

እማማ ዘነበች በሦስተኛው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ "ካለፈው ክረምት ወዲህ ደረቴን ወግቶ ይዞኛል፣ ልጄ" ብለው የሆዳቸውን ዘረገፉላቸው።

ያንን መንደር እንደ አዲስ ዞሩት። የጤነኞቹ አገር ሲያስለው የኖረ አገር ሆኖ ተገኘ፤ መድኃኒትም መጣለት። "ሦስተኛው ሰላምታ" ብለው የጻፉት ጥናት ደግሞ እሳቸው ያልረገጡት አገር ሁሉ ደረሰ። ከጎንደር እስከ ጅማ የጤና ተማሪ "ከሦስተኛው ሰላምታ በፊት እስክሪብቶ እንዳታወጣ" እየተባለ ይማራል። የደጋ ሰው የትም ቢሆን "ደህና ነኝ" ባይ ነው መሰል፣ ባሕር ማዶ ያሉ ሊቃውንት ሳይቀሩ ዘዴውን በእሳቸው ስም ይጠሩታል። የዓለም ሊቅ ጎረቤት መሆን ምን እንደሚመስል ግን እኛን ጠይቁን።

ጡረታ ወጥተው ሞላሌ ሲገቡ ያርፋሉ ብለን ነበር። ሾፌሩ ዳኜ አንድ ጠዋት አውቶቡሱን ሞልቶ ወደ ደብረ ብርሃን ሊነሣ ሲል በመስኮት ሰላም አሉት። ሞተሩን ሳያጠፋ "ደህና ነኝ፣ ጋሼ" አለ። በሁለተኛው ሞተሩን አጠፋ። በሦስተኛው ኪንታሮቱን ተናዘዘ። ተሳፋሪው ሰምቶ ኖሮ፣ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ ሁሉም የየራሱን መድኃኒት ሲያዝለት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ዳኜ በደጃቸው ሲያልፍ መስኮቱን ይዘጋ ነበር። ኪንታሮቱ ግን ታክሞ ድኗል፤ ይህን የሚናገረው ቀስ ብሎ ነው።

መርጌታ አትናቴዎስ ደግሞ ጉዳዩን በሃይማኖት ያዙት። "ፕሮፌሰር፣ ሰው ፈጣሪውን ሲያመሰግን ማቋረጥ ደግ አይደለም" ብለው ገሠጿቸው።

"ምስጋናው ለሱ ይድረስ፣ መርጌታ። እኔ የምፈልገው ከምስጋናው የተረፈውን ነው።"

"የተረፈ የለም። ደህና ነን፣ ክብር ምስጋና ይግባው።"

"እሱማ ይግባው። እርስዎስ?"

መርጌታ ማኅሌት ሲቆሙ ስለሚከዳቸው ጉልበት ሲያወጉ ማኅሌቱ ሊያመልጣቸው ነበር።

እኔም በገብሱ ማሳ በኩል ዞሬ ቤቴ የምገባበት ጊዜ ነበር። ምክንያት አለኝ። አንድ ቀን ይዘውኝ፣ ወገቤን ያመኛል ብዬ የጀመርኩት ወሬ በሦስተኛው ላይ ጥላኝ ስለሄደችው ሚስቴ ሆኖ አረፈው። ለዚህ መድኃኒት አልነበራቸውም። ድንጋዩ ላይ አጠገቤ ተቀምጠው ብርዱ እስኪያባርረን ድረስ ሰሙኝ። ምክር እንኳን አልሰጡኝም።

የሚገርመው እሳቸውን ጠይቆ መልስ ያገኘ የለም። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" እያሉ አገር ያናዘዙ ሰው፣ "እርስዎስ፣ ጋሼ?" ሲባሉ "እኔማ ምን እሆናለሁ" ይሉና ጥያቄውን ወደ አንተ ይመልሱታል። አንተም ሞኝ ነህ፣ ስለ ራስህ ትቀጥላለህ።

ባለፈው ክረምት ብርዱ ደረታቸውን ያዛቸው። ልጃቸው እስከዳር መጥታ አዲስ አበባ ወሰደቻቸው፤ የቤታቸውን ቁልፍ እኔ ዘንድ ተዉት።

ከሄዱ ወዲህ ሞላሌ ውስጥ የታመመ ሰው የለም። ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ተጠያይቀን ሳንቆም እንተላለፋለን። ዳኜ በደጃቸው ሲያልፍ መስኮቱን ከፍቶ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው። እኔም በማሳው መዞሩን ትቻለሁ፤ በደጃቸው አልፋለሁ፣ በሩ ዝግ ነው። እንዴት ናፍቀውኛል። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ የጠየቀኝ ሰው ሁሉ የጠየቀኝ አንዴ ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት እስከዳር ደወለችልኝ። ለቤቱ ተከራይ ተገኝቷል፤ ሰውየው ግድግዳውን አፍርሶ ሱቅ ሊያደርገው ነው።

"አባዬን መመለስ ትፈልጋለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት" አለችኝ። "እዚሁ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለኝ። ቁልፉን ለሰውየው ይስጡልኝ።"

"ስንቴ ጠየቅሻቸው?"

"ስንቴ ማለት?"

ትንሽ ጠብቂኝ ብዬ ዘጋሁና ለእሳቸው ደወልኩ።

"ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ?"

"ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጄ ተንከባክባ ይዛኛለች። ኮንዶሚኒየሙ ደግሞ ፀሐይ ይገባዋል። ወገብህ እንዴት ነው?"

ስለ ወገቤ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

"ወገቤ ደህና ነው። እርስዎስ?"

"እኔማ ምን እሆናለሁ። ጎረቤቱ ጥሩ ሰው ነው። ደረጃው ላይ ስንገናኝ ሰላም ይሉኛል።"

እሳቸውን በገዛ ቃላቸው የደፈረ ሰው በአገራችን አልነበረም። እኔም ፈርቼ ነበር፤ ግን ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።

"እሱማ ይመስገን፣ ጋሼ። እርስዎስ?"

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ከጆሮዬ ላርቀው ስል ትንፋሻቸውን ሰማሁ። የሆነ ነገር አፍኖ የያዘ ሰው ትንፋሽ ነው።

"ልሳል እንዴ?" አሉኝ።

"ይሳሉ፣ ጋሼ።"

ሳሉ። እስኪወጣላቸው ድረስ ስልኩን ይዤ ጠበቅኩ። እንባዬ መጣ፤ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ስለነበርኩ አልከለከልኩትም።

"እዚህ ሰው ሁሉ ደህና ነው" አሉ፣ ሳሉ ሲለቃቸው። "እጠይቃቸዋለሁ፤ መልሱን ሳልሰማ ደረጃውን ይወርዳሉ። ልጄ ከሥራ የምትገባው ደክማ ነው፤ እሷ ላይ መሳል አፈርኩ። አገሬ ናፈቀኝ። ብርዱም ቢሆን የማውቀው ብርድ ነው። ቤቴን ለሰው አትስጥብኝ።"

"ሐኪሙ ምን አለ?"

"ክረምቱን ብቻ ነው የከለከለኝ።"

"እንግዲያው ገብሱ ሲያሸት ይመጣሉ። እስከዚያ ቤቱን እኔ አናፍሳለሁ።"

"ሲያሸት" አሉ። ቃሉን ደጋግመው አሉት።

ለእስከዳር መልሼ ደወልኩ። ተከራይውን እንድትመልሰው፣ አባቷ ለመስከረም አገራቸው እንደሚገቡ ነገርኳት።

"እኔን እኮ ደህና ነኝ ነው ያለኝ" አለች፣ ድምፅዋ ሻክሮ። "በየቀኑ ስገባ እጠይቀዋለሁ። በየቀኑ ደህና ነኝ ይለኛል።"

"አንቺስ እንዴት ነሽ?" አልኳት።

"እኔ? ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

ወንበር ሳብ አድርጌ ተቀመጥኩ።

"እሱማ ይመስገን። አንቺስ?"