ግድግዳ ያልላሰ በሬ

ያላገባች ሴትና አሮጌ ቤት አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፤ በአጠገባቸው የሚያልፍ ሰው ሁሉ ምክር ካልሰጠ እግሩ አይራመድለትም። ሴቷን “ዕድሜሽ ሳይሄድ” ይላታል። ቤቱን “ሰው ላይ ሳይወድቅ ቢያፈርሱት” ይላል። እኔ ደግሞ አላገባሁም፤ የምኖረውም የምነግደውም ሰቆጣ ካሉት የንግድ ቤቶች ሁሉ ባረጀው ውስጥ ነው። ስለዚህ ምክሩ እጥፍ ሆኖ ይደርሰኛል። አመሰግናለሁ፤ እኔም አልወድቅም፣ ቤቱም አይወድቅም።

ቤቱን አገሬው “ጨው ቤት” ይለዋል። የሠራው አያቴ ነው፤ ድንጋይና ጭቃ፣ ላዩ ላይ የእንጨት ሰገነት ያለው፣ በዘመኑ “ፎቅ” ተብሎ የተከበረ። አያቴ የአሞሌ ጨው ነጋዴ ነበር። ከአፋር በግመል የሚመጣለትን ጨው ምድር ቤቱ ውስጥ እስከ ጣሪያ ይደረድርና ክረምቱን እዚያው ያሳልፈዋል። ጨው ደግሞ አርፎ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም፣ ያልበዋል። ያ ሁሉ ላብ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ቀረ። አያቴ ሞተ፣ አሞሌው አለቀ፣ ግድግዳው ግን ዛሬም ጨው ነው።

መንግሥት በመጣ ቁጥር ይህን ግድግዳ ሊያሳምር ሞክሯል። በደርግ ጊዜ ካድሬዎች መጥተው በቀይ ቀለም “ኢምፔሪያሊዝም ይውደም” ብለው ጻፉበት። ጨው ፖለቲካ ያውቃል? ክረምቱ ሲወጣ “ኢምፔሪያሊዝም” የሚለውን አራግፎ “ይውደም” የሚለውን ብቻ አስቀረው። አያቴ ተጠርቶ ማን ይውደም ማለትህ ነው ተባለ። ግድግዳውን ጠይቁት ብሎ መለሰ። ይቺ መልስ አሳሰረችው። ግትርነቴን ከማን እንደወረስኩ ለሚጠይቁኝ መልሱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የዋግ ገበሬ በሬ ሲገዛ ጥርሱን ያያል፣ ሻኛውን ይዳብሳል፣ ይከራከራል፣ ይስማማል። ከዚያ ግን አይከፍልም። በሬውን እየነዳ ወደ ጨው ቤት ማዕዘን ያመጣዋል። በሬው ግድግዳውን ከላሰ ጤነኛ ነው፤ ገዢው ይከፍላል። አሽትቶ ፊቱን ካዞረ ሆዱ ውስጥ ነገር አለ፤ ውሉ ፈረሰ፣ ቂም የለም። ማዕዘኑ በዚህ ሥራ ብዛት ሰው ቢቀመጥበት እስኪይዘው ድረስ ጎድጉዷል። የእንስሳት ሐኪሙ በዚህ ልማድ ይስቃል። ለፋሲካ በግ ሲገዛ ግን የት እንደሚያመጣው እኔ አውቃለሁ፤ ሱቄ በር ላይ ተቀምጬ አይደል የምውለው?

ሚሊኒየሙን ልንቀበል ሽር ጉድ በምንልበት ሰሞን ከበላይ ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተባለ። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም በዋናው መንገድ ዳር ያለ ቤት ሁሉ በሲሚንቶ ተለስኖ ቢጫ ቀለም ይቀባ ብሎ አዘዘ። ሹሙ ሚስቱ የሞተችበት፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ክፋት የሌለው ሰው ነው፤ ችግሩ ትእዛዝ ሲሰጥ ድምፁ ለራሱ ደስ ይለዋል። ሄጄ ጨው ሲሚንቶ አይዝም አልኩት። ፀረ ልማት አለኝ። ከዚያም ልስኑ ካልያዘ ግድግዳው መበስበሱ ስለተረጋገጠ ቤቱ ይፈርሳል ሲል ፈረደ። እንግዲህ አስቡት፤ ያለኝ ቤት እሱ፣ እንጀራዬ እሱ፣ አያቴም ከእነ ድምፁ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። በጣም ተናደድኩ። አልለስንም ብዬ ወጣሁ። እነሱ ራሳቸው መጥተው ለሰኑት፤ ቢጫም ቀቡት። ጨው ቤት የሠርግ ድንኳን መሰለ።

ማክሰኞ ገበያ ቆመ። የጽጽቃው አያ ሙላት፣ ከአያቴ ጀምሮ የቤታችን ደንበኛ የሆኑ ሽማግሌ፣ አንድ ቀይ በሬ ይዘው መጡ። ልጃቸው ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ከሄደ ወዲህ የሚያርስላቸው ጠፍቶ ነው የሚሸጡት። ከገዢው ጋር ተስማምተው ማዕዘኑ ጋ ሲደርሱ ግድግዳው የለም፤ ቢጫ ነገር አለ። በሬው አሽትቶ ፊቱን አዞረ። ገዢው ታሟል አለ። አያ ሙላት በኽምጣኛ አንድ ነገር አጉተመተሙ፤ ትርጉሙን አልነግራችሁም። ከኋላቸው ሌላው ገበሬ፣ ከዚያም ሌላው በሬውን ይዞ ቆመ፤ የላሰም የከፈለም የለም። የከብት ተራው ቀጥ አለ።

አያ ሙላት ወደ እኔ ዞረው፣ “ልጄ፣ በሬዬ ሳይመሰከርለት ታሟል ተብሎ አይመለስም” አሉኝ።

ልስኑን እንዳልነካ ተከልክያለሁ። ግን የከለከሉኝ የውጪውን ነው። የሱቄ ጓዳ ግድግዳ ሲሚንቶ አልነካውም፤ እንዲያውም ጨው የተደረደረው በእሱ በኩል ነበር። ሁለቱንም የበሩን ሳንቃ ወለል አድርጌ ከፈትኩና፣ ይግቡ አልኳቸው። ቀዩ በሬ በሳሙናና በስኳር መሀል ተጀንኖ አለፈ፣ ግድግዳውን ሲያገኝ ምላሱን እስከ ሥሩ አወጣ። ገዢው ቆጥሮ ከፈለ። ቀሪውም ተከተለ። አንዱ ወይፈን ሚዛኔን በቀንዱ አንጠልጥሎ ወጣ፤ ሌላው ስለ ጨዋነቱ ወለሉ ላይ ትኩስ ማስታወሻ ትቶልኝ ሄደ። ሱቄ ሱቅ መሆኑ ቀረ። ግድ አልሰጠኝም፤ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

አመሻሽ ላይ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ሹሙ። ከኋላው የግዢ ኮሚቴው፣ ከኮሚቴው ኋላ ለእንግዳው የሚታረድ ድልብ ሰንጋ። ኮሚቴው ሰንጋው ካልላሰ አንገዛም ብሎ አሻፈረኝ ብሏል፤ እነሱም የዋግ ልጆች ናቸዋ። በሩን ይዤ ቆምኩና፣ ጌታዬ ይህ የበሰበሰ ግድግዳ ነው ብለዋል እኮ አልኩት።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “እባክሽ እህቴ፣ እንግዳው ኀሙስ ይገባል” አለ። ያን ቀን ድምፁ ደስ ያሰኘው እኔን ነው።

ሰንጋው ላሰ። ኀሙስ ጠዋት እንግዳው መንገዱን እየጎበኘ ሲመጣ፣ ቢጫው ልስን አብጦ አብጦ ከነሲሚንቶው ዘጭ አለ። እንግዳው ይህ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ሹሙ ዐይኑን ሳያሽ፣ ቅርስ በመሆኑ ሆን ብለን ሳንለስን የተውነው ነው አለ። ቅርስ ይፈርሳል? ከዚያ ወዲህ ማፍረስ የሚለውን ቃል የተናገረ የለም።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። መከሩ እንደገባ ሽማግሌዎች የቤቴን በር አንኳኩ፤ አያ ሙላትም አሉበት። የላካቸው ሹሙ ነው። ጥሩ ሰው መሆኑን፣ ደመወዝ እንዳለው፣ ዕድሜዬም እየሄደ መሆኑን፣ ባገባው ቤቱን ማንም እንደማይነካብኝ በየተራ አስረዱኝ። እኔም እንደ ወጉ አቀርቅሬ እስኪጨርሱ ጠበቅሁና መለስኩላቸው።

“አባቶቼ፣ የዚህን ቤት ልማድ ታውቁታላችሁ። ማክሰኞ ይዛችሁት ኑና ግድግዳውን ይላስ።”