ድንገተኛ ሕመም በማመልከቻ

ልብስ ሰፊዋ የሰባተኛ ክፍል ልጇን የአስም መድኃኒት ለትምህርት ቤቱ ልታስረክብ ስትሄድ፣ ርዕሰ መምህሩ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ተቀበሏት። ተማሪ መድኃኒት ይዞ መዞር ክልክል እንደሆነ፣ መድኃኒቱ ግን በክብር እንደሚቀመጥ አስረዷት። በክብር የተባለው ቦታ የንብረት ክፍሉ የብረት ቁም ሣጥን ነው። ከዚያ የሚወጣውም የክፍል ኃላፊዋ መምህርት ማመልከቻ ጽፋ፣ ርዕሰ መምህሩ ፈርመውበት፣ የንብረት ክፍሉ ሹም መዝግቦት ነው።

«ድንገት ቢነሣባትስ?» አለች እናት።

ርዕሰ መምህሩ ይህንንም አስበውበት ነበር።

«ለድንገተኛ የተለየ አሠራር አለን። ከአንድ ቀን በፊት ማሳወቅ ብቻ ነው።»

አንድ ማክሰኞ ልጅቷ ሳታሳውቅ ታመመች። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሁለት ዙር እንደሮጠች ደረቷ ሲር ሲር ይል ጀመር። መምህርቷ ጥላ ሥር አስቀመጠቻትና እየተጣደፈች ማመልከቻውን ጻፈች። የንብረት ክፍሉ ሹም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከንፈሩን መጠጠ፣ መነጽሩን አደረገ፣ እስከ መጨረሻው አነበበና ፊርማ እንደሚጎድለው ነገራት። ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ላይ ነበሩ። አጀንዳው የተማሪዎች ጤና ስለነበር ደፍሮ ያቋረጣቸው የለም።

ተማሪዎቹ «አባባ» የሚሏቸው በር ጠባቂ ግን ማመልከቻ መጻፍ አይችሉም። መንገዱን ተሻግረው ልብስ ሰፊዋ ሱቅ ደረሱ። እናት ለክፉ ቀን ያስቀመጠችውን ሌላ መድኃኒት ይዛ፣ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ሮጠች። ልጅቷ ሁለቴ ሳብ አድርጋ ከንፈሯ ወደ ቀለሙ ሲመለስ፣ እናትየው አፈር ላይ ቁጭ አለች።

አባባ ያለፈቃድ ከሥራ ገበታቸው በመለየታቸው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ በመንፈቀ ዓመቱ ማብቂያ በጤና አጠባበቅ ተሸለመ። ከቁም ሣጥኑ አንድም መድኃኒት አልወጣም፤ ስለዚህ የታመመ ተማሪ አልነበረም።

እናት አልተከራከረችም። በልጇ የደንብ ልብስ ገበር ውስጥ የማይታይ ኪስ ሰፋችላት። ወሬው ሲዛመት የስኳር ሕመም፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ልጆች ወላጆች ሳይቀሩ ዩኒፎርም ይዘው መጡ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ርዕሰ መምህሩ ግራ ቀኙን አይተው ሱቁ ገቡ። ከፌስታል ውስጥ እዚያው የሚማረውን የልጃቸውን ሱሪ አወጡ። እርሱም አስም እንዳለበት ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሯት።

«እህቴ፣» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አደራ፣ ኪሱ ጠለቅ ይበል። ከሰኞ ጀምሮ ፍተሻ ላስጀምር ነው።»