ተማሪ ያማራት ፀጉር ሠሪ

በየማለዳው የፀጉር ቤቷን በር ከመክፈቷ በፊት ሌባ ጣቷን በምራቋ አርሳ ወደ ሰማይ ትቀስራለች። ዓይኗን ጨፈን አድርጋም፣ «ዛሬ ከሐይቁ በኩል ነው» ትላለች። ሐይቁ ከመንገዱ ማዶ ስለሆነ ንፋሱ ከሌላ ከየትም መጥቶ አያውቅም።

ትናንት የተማረውን ዛሬ ካላስተማረ እንቅልፍ የማይወስደው ጓደኛ የሌለው ሰው የለም። የእኔዋ ፀጉር ሠሪ ጓደኛ «ክብርት የንፋስ መምህርት» ናት። ሸራ በተተከለበት ሰሌዳ ላይ ቆሞ ውሃ ላይ መንሸራተትን፣ ዊንድሰርፊንግ የሚሉትን፣ አምና ተምራ ዘንድሮ ተማሪ አማራት። ያገኘችው እኔን ነው፤ እምቢ ማለት የማላውቀውን፣ ሰው ፊት ከምወድቅ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ የምመርጠውን።

«ስለ ንፋስ ለእኔ?» ትላለች፣ ገና ምንም ሳልናገር። «ቀኑን ሙሉ ንፋስ ስከፍትና ስዘጋ የምውል ሰው ነኝ እኮ!»

የመጀመሪያው ትምህርት እዚያው ፀጉር ቤት ተሰጠ። አግዳሚ ወንበር ላይ አቆመችኝ። የመጥረጊያ እንጨት ምሰሶ፣ ፎጣ ደግሞ ሸራ ሆነ። ፀጉር ማድረቂያውን ፊቴ ላይ ለቀቀችው። ፀጉራቸውን በቢጎዲን የጠቀለሉ ሁለት ደንበኞች ዳኛ ሆነው ተሰየሙ።

«ጉልበትሽን እጠፍ አድርጊው እንጂ የኔ ልጅ» አሉ አንዷ።

«ተያት፣ ፎቶ የምትነሳ መስሏታል!» አሉ ሌላዋ።

«ሲከብድሽ ልቀቂው» አለች መምህርቴ። «ንፋስ ታግሎ የጣለ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ይህን «ልቀቂው» ሐይቁ ላይ ሺህ ጊዜ ሰማሁት። እኔ ግን ስወድቅም ሸራውን እንደጨበጥኩ ነው። ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ትተው እኔን ማየት ያዙ። እሷ «ለተማሪ አርአያ» ብላ የማታወልቀውን ብርቱካናማ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሳ ከዳር ታጨበጭባለች። «ይሄኛው አወዳደቅ ያምር ነበር! ድገሚው!»

በስድስተኛው ቀን የእኔ ሰደርያ ማሰሪያ ተበጠሰ። የራሷን አውልቃ አለበሰችኝ። ያን ቀን ቆምኩ! ሸራው ተነፋ፣ ሰሌዳው ነጎደ። ለካ መሄድን እንጂ መመለስን አላስተማረችኝም። ከዳር ስርቅ «ልቀቂው!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለቀቅኩ።

ወደቅኩ፤ ሸራውም ላዬ ላይ ተኛ። ወደ ላይ ስል ሸራ፣ ወደ ጎን ስል ሸራ። ትንፋሼ ሊያልቅ ሲል አንድ እጅ ጫፉን አነሳልኝ። መምህርቴ ናት። ውሃው አገጯ ደርሷል፤ በእግሯ ጣቶች ጫፍ ቆማ ፊቷን ወደ ሰማይ አንጋጣለች።

«አየሽ፣ ለቀቅሽ!» አለች፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ።

«ለምን ዋኝተሽ አልመጣሽም?»

«አፍሽን ዝጊና ሰሌዳውን ያዢ። እኔንም ያዢኝ።»

ዛሬ ሰው ፊት ወድቄ እየሳቅኩ እነሳለሁ። ሰሌዳውን ማዞርም ተምሬያለሁ። ይህን ውለታ በምን እንደምከፍል ስለማላውቅ፣ ስለ አንቺ ልጽፍ ነው አልኳት። የአንዷን ደንበኛ ፀጉር ጠቅልላ ጨረሰች።

«ጻፊ። የማድረቂያውንም፣ የአወዳደቅሽንም ጻፊ። ዋና እንደማልችል ብቻ እንዳትጽፊ።»