ከአክስቲቱ የቀደመችው

ሌላው አገር ሰው ጨለማ ይፈራል። ጅቡቲ የኖረ ግን የሚፈራው ቀትርን ነው። ከሰባት ሰዓት በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ ታክሲው ይጠፋል፣ ውሻው ሳይቀር መኪና ሥር ገብቶ እንደሞተ ይጋደማል። ከተማው በሙሉ ተኝቶ አንድ ሰው ብቻ ነቅቶ ሲቀር ምን ምን እንደሚሰማ ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ። ያ ያልተኛ ሰው ሁልጊዜ የቤት ሠራተኛዋ ናትና።

የምሠራው ሄሮን የሚባል ሰፈር፣ ባሕሩ አጠገብ፣ ፈረንሳዮች በሠሩት አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። አሠሪዎቼ ሕንዶች ናቸው፤ ሃይማኖታቸው ሂንዱ። የቤቱ አዛዥ ሴት አያትየዋ ናቸው። ሁሉም "ባ" ይላቸዋል፣ እኔም "ባ" እላቸዋለሁ። ባለፈው ዓመት ምራታቸው ሴት ልጅ ወለደች። በእነሱ ወግ ለሕፃን ስም የምታወጣው የአባቱ እህት ናት፤ እስከ አሥራ ሁለተኛው ቀን ድረስ ስሙን ለእናትየዋ እንኳ ትንፍሽ አትልም። እኛ ጋ ቢሆን ጎረቤቱ ሁሉ እያዋጣ ሕፃኗ ከአራስ ቤት ሳትወጣ ስድስት ስም ይኖራት ነበር። አክስቲቱም ስሙን በሆዷ ይዛ ከቦምቤይ መጣች።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ መብራት ጠፋ። አራሷ ከባ ጋር በሌላኛው ክፍል ተኝታለች። እኔ ወጥ ቤት ሩዝ ስለቅም ከሕፃኗ ክፍል የሴት ድምፅ ሰማሁ። እሹሩሩ እንደሚል ሰው ቀስ እያለ፣ "ኩሙዲኒ... ኩሙዲኒ..." ይላል። በመሃል ሳል ያቋርጠዋል። አክስቲቱ ስሙን እየተለማመደች ነው ብዬ ሳቄ መጣ። እጄን ጠርጌ ልሰልል ሄድኩ፤ መስማት ኃጢአት ነው እንዴ? ሳሎን ስደርስ አክስቲቱ ሶፋው ላይ አፏን ከፍታ ታንኮራፋለች። ድምፁ ግን አልቆመም።

በሩን ስከፍት ዝም አለ። ከሕፃኗ በቀር ማንም የለም። ቬንቲላተሩ ቆሟል፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ መወዛወዣ አልጋዋ ግን ይወዛወዛል። ሕፃኗም አልተኛችም። ዓይኗ ከራስጌዋ ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ እኔ መጣ፤ ከዚያ አልፎኝ ወደ በሩ ሄደ። የአሥራ አንድ ቀን ልጅ ምን ታያለች? እኔ እንጃ። በአጠገቤ ግን የሰንደል ሽታ አለፈ። ልጅቷን አቅፌ ወጥ ቤት ገባሁና ሰዎቹ እስኪነሱ ድረስ የማላውቀውን ዳዊት ሳይቀር ደገምኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ማን ያምነኛል?

በማግስቱ ዘመድ ተሰበሰበ። ሕፃኗን በሐር ጨርቅ ያስተኟታል፤ አራት ልጆች አራቱን ጫፍ ይዘው እየዘመሩ ያወዛውዟታል፤ በመጨረሻ አክስቲቱ ስሟን በጆሮዋ ትነግራታለች። ከልጆቹ አንዷ ትኩሳት ይዟት ቀረች። ባ ዙሪያቸውን ቃኙና "አንቺ ያዢ" አሉኝ። ጊዮርጊስን የምዘክር ሴት የሂንዱ ጨርቅ ልይዝ! ያዝኩ። ገና ሁለቴ ሳናወዛውዛት ሕፃኗ ጩኸቷን ለቀቀችው። ከአፌ ምን ይውጣ? "አይዞሽ፣ ኩሙዲኒ!"

ሕፃኗ ጸጥ አለች። ዝማሬውም ጸጥ አለ። አክስቲቱ ፊቷ አመድ መሰለ። "ማን ነገረሽ?" አለችኝ። በሕልሟ የሰማችው ስም ነበርና ለአንዲት ነፍስ እንኳ አልተናገረችም። የዘመድ አዝማዱ ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ዐረፈ፤ እንደ ጠንቋይ። እኔ በልቤ ሻንጣዬን ሸክፌ፣ የጭነት መኪና የሚቆምበት ፔካ 12 ደርሼ፣ ወደ አገር ቤት የሚመለስ የከባድ መኪና ሹፌር እየለመንኩ ነበር። እየተንተባተብኩ የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ።

ባ ብቻ አልተቆጡም። ጠጋ ብለው፣ ሶማሊኛና ፈረንሳይኛ እያቀላቀሉ፣ "ያስላት ነበር?" አሉኝ።

"አዎ፣ ባ።"

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ያስላት የነበረችው የባላቸው እህት ናት አሉ። የዚያን ቤት ልጆች ሁሉ ስም ያወጣችው እሷ ነበረች፤ በዚያው ክፍል በሳል ታማ ከሞተች ሰባት ዓመቷ ነው። አክስቲቱ አኮረፈች። "ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ባሕር ያቋረጥኩት ለምንድን ነው?" አለች። ስሙ በሕፃኗ ጆሮ ተነገረ፤ ባም ከሰው ዓይን እንዲጠብቃት ከሕፃኗ ጆሮ ኋላ የኩል ነጥብ አደረጉላት። ትንሽ አሰቡና ለእኔም አደረጉልኝ።

ይኸው ኩሙዲኒ መዳህ ጀምራለች፤ እኔም ሥራዬ ላይ አለሁ። ባለፈው ሰኞ ሰገነት ላይ ልብስ ሳሰጣ ከኋላዬ አንዲት ሴት ስትስል ሰማሁ። ቀጥላም "ጥሩነሽ" ብላ ጠራችኝ። ዞር ስል ከእርጥብ አንሶላ በቀር ምንም የለም። ለእንዲህ ያለ ጥሪ መልስ እንደማይሰጥ አጥቼው አይደለም። ግን እዚህ ቤት አራት ዓመት ስሠራ "ቲሩኔስ" ያላለኝ የለም፤ እሷ "ጥ"ን እንኳ አልሳተችም።

ምን ላድርግ? "አቤት እመቤቴ!" አልኩ።