ዜናሁ ለሐኪም እንግዳው፣ በእንተ መሪጌታ ብብት

ዐብዮቱ በፈነዳ በስምንተኛው ዓመት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ኅዳር በገባ በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ መጽሐፈ ቆዳን የተሸከመ፣ የእከክ መቅሠፍት፣ የቋቁቻ አሳዳጅ፣ ገና ያልተመረቀው የቆዳ ስፔሻሊስት ሐኪም እንግዳው ደባሱ በላስታ ምድር በሰፈረ በአርባኛው ዕለት የሆነውን፣ እኔ የጤና ጣቢያው ካርድ ጸሐፊ፣ ያየሁትን ሳላጎድል፣ የሰማሁትንም ጥቂት ብቻ ጨምሬ እጽፋለሁ።

ይህ ሐኪም ለተግባር ትምህርት ሲላክ መምህሩ በአዲስ አበባ እንዲህ ብለው ዐውጀውበት ነበር፦ «ሃያ ሕመምተኛ መዝግበህ ካልተመለስህ ዓመቱን ትደግማለህ!» እርሱም ዐሥራ ዘጠኙን መዘገበ። ይህም ቀላል ድል አልነበረም፤ በመጽሐፉ ያሉት ሥዕሎች ሁሉ የፈረንጅ ገላ ናቸውና፣ «ቀልቶ ይታያል» የተባለውን በላስታ ገበሬ ጀርባ ላይ ሲፈልግ ፀሐይ ታዘቀዝቅበት ነበር።

ሃያኛው ግን ጠፋ። ስለዚህ ሠራዊቱን አስከትቶ ወደ ገነተ ማርያም ደብር ዘመተ። የሠራዊቱም ቁጥር ይህ ነው፦ ሃያ ዓመት መርፌ የወጉት የቁስል አጣቢዎች አለቃ ወይዘሮ አሰለች፤ እኔ ካርድ ተሸካሚው፤ ቅባት የተጫነች አንዲት በቅሎ፣ እርሷም ከሐኪሙ ይልቅ መንገዱን የምታውቅ።

በዚያም የማሕሌቱ መሪ መሪጌታ ገብረ መስቀል ለጉልበታቸው ቁርጥማት ቅባት ፈልገው ቀረቡ። ሐኪሙ ግን ጉልበታቸውን ትቶ ልብሳቸውን ቢያስገልጥ ከቀኝ ብብታቸው በታች ጠቁሮ የደደረ ቆዳ አየ፤ ፊቱም በራ። የደነዘዘ ቆዳ የሥጋ ደዌ ምልክት ነውና፣ ዐይናቸውን በፋሻ ሸፍኖ ቆዳውን በጥጥ ነካው፤ አልተሰማቸውም። መጽሐፉ «ነርቩን ዳስስ፣ ሌላም ምልክት ፈልግ» የሚልበትን ገጽ ከደስታ ብዛት ዘለለው፤ ብዕሩንም አንሥቶ በሃያኛው ወረቀት ላይ እየጻፈ ዐወጀ፦ «ይህ ሥጋ ደዌ ነው! የምርመራው ውጤት እስኪመጣ መሪጌታ ከሰው ይለዩ፤ ማሕሌትም አይቁሙ!»

ለኅዳር ጽዮን ሁለት ቀን ቀርቶ ነበር። ሠላሳ ዓመት አንድም በዓል ያላጎደሉት ሽማግሌ መቋሚያቸውን ከጎናቸው አጋደሙ። እኔም እውነቱን ለመናገር ሐኪሙን በዚያች ሰዓት ጠላሁት።

ከዚህም በኋላ መሪጌታ የሐኪሙን ቀኝ እጅ ይዘው አገላብጠው መረመሩ። በመካከለኛ ጣቱ ላይ ብዕር ያደደረው ጉብታ ነበር። በዚያው ፋሻ ዐይኑን ሸፍነው ጉብታውን በዚያው ጥጥ ነኩት፤ አልተሰማውም። እርሳቸውም በማሕሌት ድምፃቸው ዐወጁ፦ «በሐኪሙም ደዌ ተገኝቷል! ውጤት እስኪመጣ ከሰው ይለይ፤ ብዕርም አይጨብጥ!»

ያን ጊዜ ወይዘሮ አሰለች የመሪጌታን መቋሚያ አንሥተው የመቋሚያውን ራስ በጠቆረው ቆዳ ላይ ቢያሳርፉት ልክክ አለ። በግቢው የነበሩት ሰባቱ ደብተራዎችም ብብታቸውን ገለጡ፤ ሁሉም በዚያው ስፍራ ደድሯል። ወይዘሮዋም ዐወጁ፦ «ኧረ ወዲያ! ይኸ እኮ መቋሚያ ተደግፈው ሲዘምሩ የመዋል ምልክት ነው! በሉ ወረቀቱን ይቅደዱት፣ ሐኪም!»

ሐኪሙም የዘለለውን ገጽ ገልጦ ነርቩን ዳሰሰ፣ ገላቸውንም ሁሉ መረመረ፤ ደኅና ነበር። ወረቀቱን መቅደድ ዓመት መድገም ነበርና እጁ ዘገየ። ነገር ግን ቀደደው። በዚያች ሰዓት ደግሞ ወደድሁት።

በኅዳር ጽዮንም መሪጌታ፣ የመቋሚያቸው ራስ በጤና ጣቢያው ፋሻ ተጠቅልሎ፣ ማሕሌቱን መሩ። ሐኪሙም ወደ መምህሩ ሲመለስ በመዝገቡ መጨረሻ እንዲህ ተጽፎ ነበር፦ «ሃያኛ ሕመምተኛ፦ እንግዳው ደባሱ። ዕድሜ፦ ሃያ ዘጠኝ። ምልክት፦ በቀኝ እጅ መካከለኛ ጣት የደደረ ቆዳ። ምክንያት፦ ሳይዳስሱ መጻፍ።» መምህሩም፣ እንደ ሰማሁት፣ አንብበው እስኪጨርሱ ተቆጥተው፣ ሲጨርሱ ግን በገዛ ጣታቸው ያለውን የብዕር ጉብታ አይተው ፈረሙለት።

ስለዚህ የላስታ ተራሮች ያመስግኑት፣ ቅባት የተጫነችውም በቅሎ ትመስክርለት፤ ዐሥራ ዘጠኙን በሽታ በሰው ገላ፣ ሃያኛውን በራሱ እጅ ላገኘ ለሐኪም እንግዳው ክብር ይሁን።